የአቶ ተካልኝ የልብ ምት

ቅዳሜ ጠዋት በአጥሬ ሥር የሚያልፈውን ሰው ብታዩ ከተማው ውስጥ እሳት የተነሳ ይመስላችኋል። ወንዱም ሴቱም ሽቅብ ይሮጣል። ምን ሆናችሁ ብትሏቸው አይሰሙም፤ ጆሯቸው ውስጥ ነጭ ፍሬ የሚመስል ነገር ሰክተዋል። አንዱን ባለፈው "እንደምን አደርክ" ብለው እጁን አውለብልቦልኝ አለፈ። ላሜን ግን ቆሞ ፎቶ አነሳት። እሷ ምን ብላው እንደሆነ እንጃ።

ቤቴ ከኮተቤ በላይ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከኔ በላይ ባህር ዛፍ ነው፤ ከባህር ዛፉ በላይ ጋራው ነው። ድንችና ገብስ እዘራለሁ። ሁለት ላሞች አሉኝ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ብዙ አላወራም። ባለቤቴ አየለች ከአንተ ጋር ከማወራ ከግድግዳው ጋር ባወራ ይሻለኛል፣ ግድግዳው ቢያንስ ድምፄን ይመልስልኛል ትላለች። መጻፍ ግን ሌላ ነው። ስትጽፍ የሚያቋርጥህ የለም፤ ፊትህንም የሚያይ የለም። ይህን ነገር ደግሞ ፊቴን እያያችሁ ብነግራችሁ አልወድም።

ነገሩ ቅናት ነው። ቅናት ስላችሁ ደግሞ ወደ ሴት ነገር እንዳትሄዱ። በስልሳ አራት ዓመቴ የቀናሁት በአንድ ጡረተኛ የልብ ምት ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያለችኝ ልጅ አንዲት ናት፤ ውድነሽ ትባላለች። ኮተቤ ተምራ የስፖርት አስተማሪ ሆነች። ያኔ ስፖርት ተምሮ የሚመረቅ ሰው መኖሩ ገርሞኝ ነበር። መሮጥን ለማወቅ ስንት ዓመት ይፈጃል? እዚህ ሰፈር ውሻ የፈታ ጎረቤት ካለህ በአንድ ቀን ትማረዋለህ። ይህን ግን ከአፌ አላወጣሁትም። የተመረቀች ቀን "መልካም" አልኳት። አየለች እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች፤ የሰው አባት ሲያለቅስ፣ ሲያቅፍ፣ አንተ መልካም ብለህ ኮፍያህን አስተካከልክ ትለኛለች። መልካም ምን ጎደለው?

ከዚያ አግብታ ወሰን ወደሚባለው ሰፈር ወረደች። ባሏ ጥሩ ልጅ ነው፤ በእሱ ነገር የለኝም። ነገሬ ከአባቱ ጋር ነው። አቶ ተካልኝ ይባላል። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ይቅርብኝ። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ተቀምጦ ስላችሁ ለአነጋገር ያህል አይደለም። ተቀምጦ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁና ከውድነሽ ጋር አንድ ግቢ ይኖራል። ወሬ ይወዳል፤ ሳቅ ይወዳል። ልጄ ገና ሙሽራ ሆና ስትገባ አንቱ አትበይኝ ያስረጀኛል ብሏት ኖሮ "አባዬ፣ አንተ" ትለዋለች። እኔን "አባባ፣ እርስዎ" ነው የምትለኝ። እኔ ነኝ እንደዚያ ያሳደግኳት፤ ማንን እከሳለሁ? ግን የመጀመሪያ ቀን "አባዬ ና ብላ" ስትለው ስሰማ የያዝኩትን ጉርሻ ወደ ትሪው መለስኩት።

አምና መስከረም ላይ አቶ ተካልኝን ስኳር ጀማመረው። ሐኪሙ ወይ ትራመዳለህ ወይ ኪኒን ትውጣለህ አለው አሉ። ውድነሽ ሰማችና ደስ አላት፤ የምታስተምረው ሰው ቤቷ ድረስ መጣላታ። በየቅዳሜው ከወሰን በሚኒባስ ኮተቤ ድረስ እያመጣችው ከዚያ በእግር ወደ ጋራው ታወጣው ጀመር። መንገዱ በኔ ደጅ ነው።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ ኩንታል ድንች ተሸክሜ ስወርድ አቶ ተካልኝን ከአንድ ባህር ዛፍ ጋር ተቃቅፎ አገኘሁት። ፊቱ ቀይ ሥር መስሏል። እንደምን አደሩ ሊለኝ ፈልጎ "እንደምን" ላይ ትንፋሹ አለቀ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ድንቹ ቀለለኝ። ቀና ብዬ፣ ረጋ ብዬ፣ እሱ እንዲያየኝ በመሃል መንገድ አለፍኩ።

ዞር ስል ግን ሌላ ነገር አየሁ። ውድነሽ የሰውየውን እጅ ይዛለች። ሁለት ጣቶቿን አንጓው ላይ አድርጋ ሰዓቷን እያየች ትቆጥራለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትንሽ ሆና ጫጩት ስትቆጥርም ከንፈሯ እንደዚያ ነበር። ድንቹ ተመልሶ ከበደኝ።

ከዚያ በኋላ ሲመለሱ እኛ ቤት ማረፍ ለመዱ። አቶ ተካልኝ በኔ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ የላሜን አሬራ ይጠጣል፤ ልጄ እንጨት ይዛ መሬት ላይ እየሳለች ታስተምረዋለች። ያልለመደ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይመታል አለችው። ሥራ ሲለምድ ግን ክፍሉ ይሰፋል፣ ጡንቻው ይበረታል፣ በአንድ ምት ብዙ ይረጫል፤ ስለዚህ ሲቀመጥ ተረጋግቶ ይመታል። ደሙ ራሱ ይበዛል። እግሩ ውስጥ ደግሞ ከፀጉር የቀጠኑ የደም መንገዶች አዲስ ይወጣሉ፤ ደሙ በየጡንቻው ጓዳ ይገባል። ጡንቻው ውስጥም ምግብና አየር እያነደዱ ጉልበት የሚያወጡ ዓይን የማያያቸው ምድጃዎች አሉ፤ እነሱም ይበዛሉ።

መስኖ ነው የምታወራው ብዬ አሰብኩ። ዋናው ቦይ ይሰፋል፣ ትንንሾቹ ቦዮች በየመደቡ ይቀደዳሉ፣ ውሃው ሳይጮህ ይደርሳል። ለኔ ብትነግረኝ በአንድ ቃል ይገባኝ ነበር። እሷ ግን የምትነግረው ለእሱ ነው። እሱ "አሃ፣ አሃ" ይላል። እኔ አሃ አልልም። ስሰማ ዝም ብዬ ነው የምሰማው። ለካ ዝም ብለህ ስትሰማ ተናጋሪው እንደሰማኸው አያውቅም።

ሌላም ነገር አስተማረችው። እየወጣህ ልኩን የምታውቀው በወሬ ነው አለችው። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ከቻልክ ልክ ነህ፤ መዝፈን ከቻልክ ሰንፈሃል፤ ቃሉ በመሃል ከተቆረጠብህ አብዝተሃል። እስቲ ይታያችሁ፣ ለዚያ ሰው ይህ መድኃኒት ነው? የሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ወሬ ሆዱ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚሰማው ያጣ ሰው ነው። ሐኪም ወሬ አዘዘለት ማለት ነው።

እኔም መሻሻሉን የምለካው ከአጥሬ ጀርባ ቆሜ ነበር። መስከረም ላይ ከአጥሬ ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያልፈው፤ "ኃላፊው..." ካለ ቀሪውን ባህር ዛፉ ጋ ነው የሚጨርሰው። ኅዳር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉውን አለፈ። ገና ሲደርስ አንድ ታሪክ ከነመጨረሻው። ስለ ጠፋ ፋይል ነበር፤ ፋይሉ ለካ የጸሐፊዋ ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ከሥሩ ተደርጎ ኖሯል። ውድነሽ ሳቀች። ቤታችን እያለች እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። ረጅም ጊዜ ቆምኩ። አየለች አጥር ጥግ ምን ትጠብቃለህ አለችኝ። ጅብ የቀደደውን አያለሁ አልኳት። አጥሩ አልተቀደደም።

አንድ ቅዳሜ የእሱን ቆጥራ ስትጨርስ ወደኔ ዞር ብላ "የእርስዎንስ ልቁጠር አባባ?" አለችኝ።

እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "ታመምኩ እንዴ?"

እጇን ሰበሰበች። ሳምንቱን ሙሉ ያቺን ንግግሬን ሳኝካት ከረምኩ። ያው ሁለት ቃል ናት፤ ግን አትዋጥም።

ወደ ጥር ልምጣ። በወሩ የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነበር። የንስሐ አባታችን አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ አማቾቻችንም መጥተዋል። አቶ ተካልኝ ጠላውን ይዞ ብድግ አለና የልቤ ምት ከሰማንያ ስምንት ወደ ስልሳ ስድስት ወረደ ብሎ ለሰው ሁሉ ተናገረ። ሰዉ እሰይ አለ። እኔ እሰይ የሚሉት አዝነውለት መሰለኝ። ሃያ ሁለት ጠፍቶበት እሰይ ይባላል? ደግሞ የራሴን በስልኬ ሰዓት ደብቄ ቆጥሬው ነበር። ስለዚህ በዚያ ቀን የተናገርኳትን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ።

"የኔ ሰማንያ አራት ነው" አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ በአድናቆት መስሎኝ ትንሽ ደረቴን ነፋሁ። ገበሬ ነኝ፤ ሃያ ከሚሰጥ ማሳና ሠላሳ ከሚሰጥ ማሳ የቱ እንደሚሻል የሚጠይቀኝ የለም። አቶ ተካልኝ ግን ጠጋ አለኝና በሹክሹክታ፣ ያውም ሰው ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ "አማቼ፣ ዝቅ ያለው ነው የሚሻለው" አለኝ። በመልካም ልብ ነው ያለኝ። ያ ነው የባሰው። ቢሳለቅብኝ ኖሮ እጠላውና እገላገል ነበር።

የአየለች ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ውድነሽ አልሳቀችም። "ሰማንያ አራት? ተቀምጠው?" ብላ ብድግ አለች። እጄን ልትይዝ እየመጣች ነው። እኔስ? ላሟን ልያት ብዬ ወጣሁ። ላሟ ደህና ነበረች።

በኋላ ያለችውን የነገረችኝ አየለች ናት። ጉልበት ሌላ ነው፣ ትንፋሽ ሌላ ነው ብላለች አሉ። አባባ ድንች ያነሳሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ግን ያንን ለአፍታ ሠርተው ይቆማሉ፤ ልብን የሚያለማምደው ሳይቋረጥ የሚሄድ ሥራ ነው ብላለች። ድሮ እስከ መገናኛ በእግሬ ወርጄ በእግሬ እወጣ ነበር። አሁን ባጃጅ ደጄ ድረስ ይመጣል። ሰውነት የጠየቅከውን ይይዛል፣ ያልጠየቅከውን ይጥላል ብላለች አሉ። እኔ ባጃጅ ላይ የተቀመጥኩት እግሬን ላሳርፍ ነው፤ ልቤ በዚያ ሰበብ ሥራ መፍታቱን የነገረኝ የለም።

ዐቢይ ጾም በገባበት ዕለት ሥራ ጀመርኩ። በድብቅ ነው። ቦቲዬን አጥልቄ፣ ጋቢዬን ለብሼ፣ እንጨት ላይ እንደሚሄድ ሰው መጥረቢያ ይዤ። የአቶ ተካልኝን ሰዓት አውቀዋለሁ፤ ከኔ ደጅ እስከ ጋራው ጫፍ አርባ ደቂቃ ነበር የሚፈጅበት። እኔ በሠላሳ መውጣት አለብኝ። በመጀመሪያው ቀን መጥረቢያው ከበደኝ፤ በሁለተኛው ቀን ጫካ ውስጥ ደበቅሁት። በየቀኑ ወጣሁ። በየቀኑ ካለፈው ቀን አስበልጬ። ቅዳሜን እንኳ ሳልምር ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ ውሃ አልቀምስም፤ ጾም ነዋ። ደግሞ ጾሙና ሩጫው ተደምረው ፍሬው እጥፍ ይሆናል ብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ስሌት የሚያሰላ ከኛ ሰፈር ሰው ሌላ ያለ አይመስለኝም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፣ ባህር ዛፉ ዞረብኝ። እንደወደቅሁ አላስታውስም። ዓይኔን ስገልጥ ከእነዚያ ጆሮ ከደፈኑት አንዷ ፍሬዎቹን አውጥታ አጠገቤ ተንበርክካለች። የውሃ ኮዳዋን ወደ አፌ ስታመጣ "ሰዓቱ አልደረሰም" አልኳት። አባባ ሊሞቱ ነው አለች። ቢሆንም ሰዓቱ አልደረሰም አልኩ። ልጅቱ አለቀሰች። ከዚያ የቤተሰብ ስልክ ስጡኝ አለችኝ። በቃሌ የማውቀው ቁጥር አንድ ብቻ ነው። የአየለችን እንኳ አላውቀውም።

ያን ቅዳሜ ውድነሽ ትምህርት ቤት ውድድር ኖሮባት አቶ ተካልኝን ሳታመጣ ቀርታ ነበር። በባጃጅ፣ አንገቷ ላይ ፊሽካዋ እንደተንጠለጠለ መጣች። መጀመሪያ ውሃውን ከልጅቱ ተቀብላ አፌ ላይ አደረገችው፤ የንስሐ አባታችንን እኔ አስረዳለሁ፣ ይጠጡ አለች። ጠጣሁ። ከዚያ እጄን ያዘች።

ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ሰዓቷን እያየች ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጠረች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንድ ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። የልጄን እጅ ለመጨረሻ ጊዜ የያዝኩት በክረምት ወንዙን ሳሻግራት ነው፤ ስምንት ዓመቷ ቢሆን ነው። ከዚያ ወዲህ ድልድይ ተሠራ።

"ስንት ቀን ነው እንዲህ የሚያደርጉት?" አለችኝ።

"አሥራ ሦስት።"

"በመሃል ያረፉትስ?"

"እሑድ ዕለት ቅዳሴ ቆሜ ነው ያረፈድኩት። ከዚያ ወጣሁ።"

ቁልቁል ወደ ማሳዬ አየች። ከዚያ "የላይኛውን ማሳ ዘንድሮ ለምን አልዘሩትም?" አለችኝ።

"ይረፍ ብዬ።"

ይህን እንዳልኩ ወዴት እንደምትሄድ ገባኝ። ሰውነት የሚበረታው ሲሮጥ አይደለም አለችኝ፤ ሲሮጥማ ይጎዳል። ሲያርፍ ነው የተጎዳውን ከበፊቱ አጠንክሮ የሚሠራው። ሌላም ብዙ ነገር አለች። እውነቱን ለመናገር በግማሽ ጆሮ ነው የሰማኋት። እጄን ገና አልለቀቀችም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኔም በሥርዓቱ ገባሁ። ሐኪም ዘንድ ወስዳ አሳየችኝ፤ ደህና ነህ ተባልኩ። ከፋሲካ በኋላ ከሳምንቱ ሦስት ቀን መራመድ፣ በመሃል ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከእሷ ጋር መውጣትና መቆጠር። የስፖርት ጫማ ገዛችልኝ። አረንጓዴ ነው፤ በጨለማ ያበራል። ምንም አላልኩም፤ አደረግሁት። ቅዳሜ ጠዋት እስከ ክንዴ በሳሙና መታጠብ ጀመርኩ። አየለች የጥምቀት በዓል በየሳምንቱ ሆነ ወይ አለችኝ።

አቶ ተካልኝ አሁንም አለ። ቆጠራው ከእሱ ይጀምራል፤ እሱ እጁን ቀድሞ ይዘረጋላ። እኔ አልዘረጋም። ተራው እስኪደርሰኝ እጠብቃለሁ። ግን ከፊት ከፊት እሱ በራሱ ሲሄድ ውድነሽ እኔን ትጠብቀኛለች፤ አዲስ ነኝና።

መጀመሪያ ላይ ወሬው ነበር ያስቸገረኝ። "አባባ፣ እየወጡ ያውሩ እንጂ፤ ልኩን በምን ልወቅ?" ትለኛለች። ምን ላውራ? በመጀመሪያው ቅዳሜ የማሳዎቹን ስም ጠራሁላት። በሁለተኛው የላሞቹን፣ የሞቱትን ጨምሮ። በሦስተኛው የማወራው ሲያልቅብኝ እሷ የተወለደች ቀን እናቷን በወሳንሳ ተሸክመን እንዴት ወደ ከተማ እንደወረድን ነገርኳት። ዝናብ ነበር። እኔ ከፊት ነበርኩ፤ ሁለት ጊዜ ተንሸራትቼ ሁለት ጊዜም በጉልበቴ ነው የወደቅሁት፣ ወሳንሳው እንዳይነካ። "ይሄን ነግረውኝ አያውቁም" አለችኝ። ለምርመራው ነው አልኳት። እውነትም ለምርመራው ነው። ግን በዚያ ክረምት፣ ጭቃውን እየረገጥን፣ በሠላሳ ዓመት ያልነገርኳትን ነገርኳት። ልቤም ቀስ በቀስ ወረደ። ሰባ ስምንት። ሰባ አንድ። ስልሳ ሰባት። ባህር ዛፉ ጋ መቆም ቀረ። ድንቹ በእውነት ቀለለኝ።

መስከረም ላይ ቆጠረችን። አቶ ተካልኝ ስልሳ ሦስት። እኔ ስልሳ ሁለት።

በአንድ በለጥኩት። ፊቴ ላይ ምንም አላሳየሁም፤ ውስጤ ግን የሠርግ ከበሮ ነበር። ውድነሽ ሁለታችንንም እያየች ፈገግ አለችና እንግዲህ ጨረሳችሁ አለች። አሁን በራሳችሁ ትችላላችሁ፤ በየሳምንቱ የኔ መምጣት አያስፈልግም። ሰፈር ውስጥ ደም ግፊት ያለባት ሴትዮ አለች፣ ቅዳሜን ለእሷ ልስጥ፤ እናንተን አልፎ አልፎ አያችኋለሁ።

ገባችሁ? ስምንት ወር ሙሉ ጭቃና ዳገት የወጣሁት ያቺን እጅ ለማግኘት ነው። ስደርስ፣ ደርሰሃልና ሂድ ተባልኩ።

ሁለት ቅዳሜ ጠበቅሁ። አልመጣችም። በማላውቃት ሴትዮ ደም ግፊት ቀናሁ። በሦስተኛው ሳምንት ልቤ ይመታብኛል ብዬ በአየለች አስደወልኩ። እሑድ እመጣለሁ አለች። እኔም ተዘጋጀሁ። የባጃጁን ድምፅ ከታች ሰማሁና ከጓሮ እስከ ላይኛው ማሳ በሩጫ ወጥቼ በሩጫ ወረድኩ። ልቤ ደረቴን ይደበድባል። በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩና እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

ውድነሽ ገባች። ግን እንዲሁ አይገባም። እናቷን ሳመች፣ በዚያም በዚህም። እንደምን ሰነበታችሁ፣ ላሞቹ ደህና፣ ጎረቤት ደህና፣ የወለደችው እንዴት ናት፣ ክርስትናው መቼ ነው፣ የታመሙት አባ ተሻላቸው ወይ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አየለችም በተራዋ ባልሽ ደህና፣ አማትሽ ደህና፣ ሥራ ደህና። እኔ ውስጥ ውስጡን ፍጠኑ እላለሁ። ሰላምታው አልቆ እጄን ስትይዝ ስልሳ አራት።

"ምንም የለብዎትም አባባ" አለችኝ። የለመደ ልብ ከሩጫ በኋላ ቶሎ ነው የሚመለሰው፣ ትልቁ ምልክት እሱ ነው ስትል ከዚህ ቀደም ነግራን ነበር። እኔ ረስቼው። ልቤ ለሰላምታ የሚሆን ጊዜ እንኳ አልታገሰልኝም።

በሳምንቱ አጋማሽ አቶ ተካልኝ ብቻውን በባጃጅ መጣ። በባጃጅ መምጣቱ ገረመኝ። በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ፣ አሬራውን ተቀበለና ሳይጠጣው ያዘው። ያን ቀን ወሬ አልነበረውም።

"እርስዎንም ተወችዎት?" አለኝ።

"ተወችኝ።"

እሱም አንድ ግቢ እየኖረ አታየውም፤ በጠዋት ለሴትዮዋ ትወጣለች፣ ማታ ደክሟት ትገባለች። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ፣ መራመድ ከተውኩ ሁለት ሳምንት አለፈኝ አለ። ሰውነት በብዙ ወር የሰበሰበውን በጥቂት ሳምንት ይበትነዋል ብላናለችና። ምንም ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም። እኔም አልጠየቅሁም። በማግሥቱ አረንጓዴ ጫማዬን ወጋግራው ላይ ሰቀልኩት።

መቀመጥ እንዲህ ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። እሱ ሠላሳ ዓመት ሠልጥኖበታል። እኔ ገና ሦስት ቀን ሳልቀመጥ ገብሱ ደረሰ። ገብስ ልቤ እስኪከፋ ይጠብቀኛል? አጨድኩ። ተሸከምኩ። አውድማው ላይ ላሞቹን ተከትዬ ቀኑን ሙሉ ዞርኩ። ስዞር ስዞር አቶ ተካልኝ አሁን ወሰን ላይ ሶፋው ውስጥ ሰምጦ ተቀምጧል እያልኩ እቀናለሁ።

ለኅዳር ሚካኤል እኛ ቤት ተሰበሰብን። ውድነሽ ሴትዮዋ ተሽሏት ደስ ብሏት ነበር። እስቲ እጃችሁን አምጡ አለችን። እንደ ወትሮው እሱ ቀደመ። ቆጠረች። ግንባሯ ተቋጠረ። ደግማ ቆጠረች።

"ሰባ ዘጠኝ? አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው?" አለችው። ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ እንደገና ትወጣለህ፣ እኔ ራሴ ነኝ የማወጣህ፣ በየሳምንቱ ነው የማይህ አለችው። አቶ ተካልኝ በትከሻዋ በኩል አየኝ። ያዘነ ለመምሰል ሞከረ። አልሆነለትም።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠራ እጄን ዘረጋሁ። ጣቶቿን አሳረፈች። ቆጠረች። ፊቷ በራ።

"ስልሳ። ጎበዝ አባባ፣ እርስዎማ የሚያሳስብ ነገር የለብዎትም" አለችኝና እጄን ለቀቀችው።

ስፖርት ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ለጤና ብቻ።